ከፍ ያለው ላ

ሰኞ፣ ትምህርት የተከፈተ ዕለት

ፒያኖውን ነክተውታል። ማን እንደሆነ ገና አልደረስኩበትም እንጂ ነክተውታል። የሙዚቃ ማስተማሪያ ክፍሌ ገብቼ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ፣ ለሰላምታ ያህል ላ የምትባለው ኖታ ላይ ጣቴን ባሳርፍ የመለሰልኝ ላ አይደለም፤ ሲ ፍላት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግማሽ ድምፅ ነው፣ ከዚያ ያነሰ እርምጃ ፒያኖ ላይ የለም። ሌሎቹንም ነካካኋቸው። ዶው ዶ ሻርፕ ሆኗል፣ ሚው ፋ። መሣሪያው እንዳለ ተነሥቶ አንድ ደረጃ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል።

እኔን ለመፈተን ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ለአንደኛ ዓመቶቹ የማዘጋጀውን የቃላት መፍቻ ጀምሬያለሁ። «ኖታ፦ የአንድን ድምፅ ከፍታና ርዝመት የሚያሳይ ምልክት። በአምስቱ መስመሮች ላይ ወይም በመካከላቸው ይቀመጣል። ቦታው ከፍታውን፣ መልኩ ርዝመቱን ይነግረናል።» ደረቅ ነው። ደረቅ ይሁን። ሳቅ የፈለገ ቀጭኑ ዘንድ ይሂድ።

ቀጭኑ የምለው የቫዮሊን መምህሩን ነው። ኖታ ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ያኔ አፍንጫውን እንኳ በወጉ አይጠርግም ነበር። ዛሬ ኮሪደር ላይ አቅፎ ሳመኝና «እትዬ፣ ክረምቱን ደህና አረፉ?» አለኝ። ስለ ማረፍ ምን አስጠየቀው? ክፍሌን ሲያይ ዓይኑ እንደሚንከራተት አላየሁ መስሎታል።

ማክሰኞ

ቃኚውን አስጠራሁት። የፒያኖ ቃኚያችን ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፣ ሥራውን ከአባቱ የወረሰ። ሆዱን በፒያኖው ክዳን ላይ አስደግፎ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነካ፣ ነካ፣ ነካ።

«ልክ ነው እትዬ።»

«ከምን ተነሥተህ ነው ልክ የምትለው?»

ድምፅ የሚለካ የኪስ መሣሪያውን አወጣ፤ መርፌዋ መሃል ላይ ቆማለች። ማሽን ጆሮ የለውም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ዘጋው። የከፈቱትን አፍ የሚዘጉ ሰዎች ናቸው የሚያስፈሩኝ።

ወስኛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ፒያኖ ክፍል ውስጥ አልነካም። ድምፅ የምሰጣቸው በአፌ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መሣሪያ ሳልይዝ ላ አውጪ ብባል የማወጣው እኔ ብቻ ነኝ። ገና አብዛኞቻቸው ሳይወለዱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ጆሮዬን ማንም ቁልፍ ይዞ መጥቶ አይፈታውም።

ሐሙስ፣ ማታ

ይሄ ነገር ቤቴ ድረስ ተከትሎኛል።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ የሚሠራው ፊት ለፊት ባለው ክፍል ነው። ገና እንደተጋባን የጀመርነው ጨዋታ አለን። የበሩ ደወል ሲጮህ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ምን አለ?» ይለኛል፤ እኔም ካለሁበት ሆኜ «ሚ!» እላለሁ። እሱ ሚን ከፋ አይለይም፣ ግን ደስ ይለዋል። ዛሬ ደንበኛ መጣ፣ ደወሉ ጮኸ።

«ምን አለ?»

«ፋ!»

መኪናው ቆመ። «ሚ አልነበር እንዴ?»

«ነበር። ቀየርከው?»

«እኔ? መርፌ መቀየር የታከተኝ ሰው ደወል ልቀይር?»

ሳቀ፣ ግን ሳቁ እንደ ወትሮው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ እራት ላይ «ያን የጆሮ ሐኪም እኮ ታውቂዋለሽ፣ ሱሪውን የማሳጥርለት...» ብሎ ጀመረ። ሹካዬን ጣልኩት። ጆሮዬ ምን ሆነ? ወለሉ ላይ የወደቀች መርፌ እኔ ነኝ ፈልጌ የማነሣለት፣ በድምፅዋ! ማን ምን ብሎ ሞልቶት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ቀጭኑ ባለፈው ሳምንት ኮት ሊያስጠብብ መጥቶ ነበር።

ደወሉ ግን ለምን ፋ ሆነ? መብራቱ ኃይል ጨምሮ ይሆናል። እንደዚያ ነው። ኃይል ሲጨምር ደወል ከፍ ይላል። ፒያኖ በመብራት አይሠራም፣ አውቃለሁ። ፒያኖው ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰኞ

አንደኛ ዓመት። ዲክቴሽን። እኔ አዜማለሁ፣ እነሱ የሰሙትን በኖታ ይጽፋሉ። «የመጀመሪያዋ ኖታ ዶ ናት» አልኳቸውና አዜምኩላቸው። ቀላል፣ አንድም ሻርፕ የሌላት ዜማ። ወረቀት ሰበሰብኩ።

የክፍሉ ልጅ በሙሉ ዶ ብሎ ጀምሯል። አንዲት ልጅ ብቻ ከሲ ጀምራ፣ ከመስመሮቹ መነሻ፣ ከቁልፍ ምልክቱ ጎን አምስት ሻርፕ ደርድራ፣ ሙሉውን ዜማ ግማሽ ድምፅ አውርዳ ጽፋልኛለች። አምስት ሻርፕ! አንደኛ ዓመት ናት!

ይህችን ልጅ «ፉጨት» ነው የምላት፣ ኮሪደሩን እያፏጨች ስለምታልፍ። አክስቷ ቤት ተጠግታ የምትማር፣ ሁልጊዜ አንድ ሹራብ የምትለብስ ልጅ ናት።

«ዶ ነው አላልኩም?»

«ብለዋል ቲቸር።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።»

ከኋላ ሳቁ። ዜሮ ሰጠኋት። ማታ የቃላት መፍቻው ላይ የጻፍኩት፦ «ሻርፕ፦ ድምፅን በግማሽ ከፍ የሚያደርግ ምልክት። ያለ ምክንያት አይጻፍም።» ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ለማን እንደሆነች የገባው ይገባዋል።

ረቡዕ

በሩጫ ነው የምጽፈው። ንባብ በድምፅ ነበር፤ ኖታ አይተው ያለ መሣሪያ ይዘፍናሉ። ላ ሰጠኋቸው። ሁሉም ከሰጠኋቸው ተነሡ። ፉጨት አልተነሣችም። ተቁለጭልጫ አየችኝና ከላይ፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጋ ጀመረች። እያየችኝ! አስቆምኳት። ደግማ እዚያው። አስቆምኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዜሮ።

ዲክቴሽኑን አወረደችው፣ ዘፈኑን ከፍ አደረገችው። አንዴ ታች አንዴ ላይ። ሰው በስህተት እንዲህ አይሳሳትም። አስጠንተዋታል።

ዓርብ

መምህራን ክፍል በር ላይ ደርሼ ቆምኩ። ቀጭኑና ዳይሬክተሯ ናቸው።

«ማን ይንገራት?» ይላል።

«አንተ ትቀርባታለህ» ትላለች።

«እኔ? ሞቼ እገኛለሁ። አስተማሪዬ እኮ ናት።»

«ልጅቷስ ታዲያ? ሕጉን ታውቀዋለህ። የወሩን ፈተና ከወደቀች ትሰናበታለች። ሌላ ትምህርት ቤት የሚቀበላት የለም፣ አክስትየዋም ወደ ሥራ ልትሰዳት ቸኩላለች።»

ገባሁ። «ሻይ ላምጣልዎት እትዬ?» አለኝ ቀጭኑ፣ ፊቱ ቀልቶ። አልፈልግም አልኩት። ምን ሊነግሩኝ ነው? መሰናበቴን ነው። ልጅቷን መሣሪያ አድርገው፣ «ምርጥ ተማሪ ጣለች» ብለው ስሜን ሊያነሡ ነው። ያኔ ክፍሌ ለቀጭኑ።

ፉጨት ምርጥ ተማሪ ናት ማለቴ አይደለም። እነሱ ናቸው እንዲህ የሚሉት።

ሰኞ

ቃኚው ሳይጠራ መጣ። የሁለተኛ ዓመቶቹን ፒያኖ ሊያይ እንደሆነ ነገረኝ፣ ግን እግሩ ወደኔ ክፍል ነው ያመጣው። መስኮቱ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ላቡን ጠረገ።

«እትዬ፣ አባቴ በስተርጅና ምን ይል እንደነበር ታውቃላችሁ?» አለ፣ እንደ ብዙ ሰው እየጠራኝ። «‹ዓለም ከፍ ከፍ አለብኝ› ይል ነበር። ለኛ ያው ነው የሚሰማን። እሱ ብቻ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማዋል። እንደሱ ያለ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ላይ ይመጣል አሉ። ተራ ጆሮ ላይ አይታወቅም፣ እኔ ለምሳሌ አያሰጋኝም።»

«ለምን ትነግረኛለህ?»

«እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው። ጆሮውን ትቶ በሹካ ብቻ ቃኘ፣ እስኪሞት። አንድም ደንበኛ አልሸሸውም።»

አባቱን ማን ጠየቀው? እኔ አላረጀሁም። ሹካ የሚላት መቃኛ ሹካን ነው፤ ሁለት ጣት ያላት ብረት፣ ጉልበት ላይ ሲመቷት ላ ብቻ የምትል። እኔም አለችኝ፣ አስተማሪዬ ስመረቅ የሰጡኝ። ከመሳቢያ ወጥታ አታውቅም፣ አስፈልጋኝ አታውቅም። ይህ ሰውዬ ከቀጭኑ ጋር ሳይነጋገር አልቀረም። በቀጥታ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

አሁን ያዝኳቸው!

ከልምምድ ክፍሎቹ በአንዱ በኩል ሳልፍ የቀጭኑን ድምፅ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ፉጨት ውስጥ ናት።

«ለእሷ ስትይ ግማሽ ድምፅ አውርደሽ ዝፈኚ። ኖታው ላ ሲል ላ ፍላት። ያንቺ ጆሮ ይችላል።»

«ግን ስህተት ነው እኮ ቲቸር።»

«አውቃለሁ። ለፈተናው ብቻ። እለፊ ብቻ።»

«እያወቅኩ ስሳሳት ያመኛል።»

«እኔም ያመኛል» አለ።

ሰማችሁ? ሆን ብላ እንድትሳሳት ያሠለጥናታል! እኔ የተሳሳተውን ልክ ብዬ ላልፈው፣ ኮሚቴው ፊት መሳቂያ ልሆን። ማክሰኞ ፈተናው ላይ ዳይሬክተሯም እሱም ይቀመጣሉ። ጥሩ። ይቀመጡ። ሹካዋን ይዤ እገባለሁ፣ እነሱ የቀየሩትን ፒያኖና እውነተኛውን ላ ጎን ለጎን አሰማቸዋለሁ። ያኔ እንተያያለን።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። መሳቂያ ሊያደርገኝ ከሆነ ለምን «ያመኛል» አለ?

ቅዳሜ

ሹካዋን ከመሳቢያ አወጣሁ። ጉልበቴ ላይ መታኋት።

ሲ ፍላት።

ደግሜ። ሲ ፍላት።

ለውጠውብኛል አልኩ። የቤቴ መሳቢያ አይቆለፍም፣ የባለቤቴ ደንበኛ ሁሉ ይገባል ይወጣል። መነጽሬን አድርጌ እጀታዋን አየሁ። በተሰጠችኝ ዕለት በምስማር የጫርኩት የስሜ የመጀመሪያ ፊደል አለ፣ እግሩ ወልገድ እንዳለ። የኔው ናት።

ብረት በሙቀት ይለወጣል። ግን ሲሞቅ ድምፁ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። አውቃለሁ፣ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ነገ ጠዋት እሞክራታለሁ። ጠዋት ጆሮ ንጹሕ ነው።

እሑድ

ሞከርኳት።

እሑድ፣ ማታ

ቀኑን ሙሉ ያቺን ብረት ስመታ ዋልኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ «ምን በደለችሽ?» አለኝ። ሂድልኝ አልኩት። አልሄደም፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ጀመረ። ምንም አልጠየቀኝም። አንዳንዴ ይህ ሰው ዝም ማለቱ ነው የሚገድለኝ።

የፉጨትን የዲክቴሽን ወረቀት አወጣሁ። ለካ እርሳሷን ተጭና ነው የጻፈችው፣ አምስቱም ሻርፖች ወረቀቱን ሊበሱት ደርሰዋል። ጆሮዬ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚሰማ ከሆነ፣ እኔ ዶ ነው ብዬ ያዜምኩት ለሌላው ሰው ግማሽ ወርዶ ሲ ሆኖ ከተሰማ... የሲ ሜጀር፣ ከሲ የሚነሣው ቅኝት፣ ሻርፖች ስንት ናቸው? የቃላት መፍቻዬ ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። አምስት።

ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም። ማሰብ አልፈልግም። ባለቤቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፣ «ደወሉን እውነት አልቀየርከውም?»

«አልቀየርኩትም» አለ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ብቀይረውማ ደስ ባለኝ።»

ማክሰኞ

ለመጻፍ አሁን ነው ቁጭ ያልኩት። እንደሆነው ላስቀምጠው።

ፈተናው በኔ ክፍል ነበር። ዳይሬክተሯ መስኮቱ ጋ፣ ቀጭኑ በሩ ጋ። ፉጨት ያንኑ ሹራብ ለብሳ፣ እጅጌውን እስከ ጣቷ ስባ መሃል ቆመች። ሹካዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ በመዳፌ ጨብጫት ሞቃለች። እንደ ወትሮው ላ መስጠት ነበረብኝ። አልሰጠሁም።

«ያለ እርዳታ» አልኳት። «ላ አውጪልኝ።»

ቀጭኑን አየችው። እሱ ወለሉን ያያል። ዓይኗን ጨፈነችና ድምፅ አወጣች።

እንዴት ብዬ ልጻፈው? ላ ነበረች። የልጅነቴ ላ፣ አስተማሪዬ የሰጡኝ፣ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ፒያኖ ላይም ደወል ላይም ሹካ ላይም ያጣኋት። በጆሮዬ ገብታ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች። ደስ ብሎኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ «ትክክል።» ልጅቷ ታልፋለች፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ እቀራለሁ፣ ሁሉም ሰው ቤቱ ይገባል።

የልጅቷ አገጭ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ያማት ነበር። እያወቀች እየተሳሳተች ነበር፣ ለእኔ ስትል።

«እሱ አይደለም» አልኩ።

ቀጭኑ ብድግ አለ። «እትዬ፣ እባክዎ...»

«አንተ ተቀመጥ። አንቺ፣ ለእኔ የሚጥመኝን አይደለም የጠየቅኩሽ። አንቺ የምታውቂውን ላ ስጪኝ።»

«ቲቸር፣ ይቆጡኛል።»

«አልቆጣም።»

ሁለተኛውን አወጣች። ጆሮዬ ውስጥ ሲ ፍላት ሆና ገባች፣ እንደ ባዕድ ሰው። ሹካዋን ከኪሴ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ መታኋትና ከልጅቷ ድምፅ አጠገብ ያዝኳት። ሁለቱ አንድ ሆኑ። በመካከላቸው ፀጉር የምታህል ልዩነት አልነበረም። ዳይሬክተሯ እንኳ ሰምታዋለች።

«ትክክል» አልኩ፣ ጻፍኩትም። እጄ ቃሉን ሲጽፍ ጆሮዬ አይደለም ይላል። ከዚያ የዲክቴሽኑን ዜሮ ሰረዝኩ። የንባቡንም።

«ከእንግዲህ በዚህ ክፍል ላ የምትሰጠው ሹካዋ ናት» አልኳት ዳይሬክተሯን። «ዲክቴሽኑም በፒያኖ ይሆናል። ፒያኖው ልክ ነው። የሚቀረውን እርስዎ ይወስኑ።» መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች።

ቀጭኑ ቦርሳዬን ይዞ እስከ መንገድ ሸኘኝ።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ባለፈው ዓመት መጨረሻ። ያኔ ገና ፀጉር ያህል ነበር የሚስቱት።»

«አንተ ከይሲ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«የመጀመሪያዋን ላ የሰማሁት እኮ ከእርስዎ አፍ ነው» አለ። «እንዴት ብዬ ተሳስታለች ልበል?»

ክፍሌን ሊነጥቀኝ የመሰለኝ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መሐረብ ሰጠሁት። አፍንጫውን መጥረግ ዛሬም በወጉ አያውቅም።

ዓርብ

የቃላት መፍቻው አለቀ፣ ለአንደኛ ዓመቶቹ ታደለ። የመጨረሻዋ ቃል፦ «ናቹራል፦ ከፍ ያለን ወይም ዝቅ ያለን ድምፅ ወደ ነበረበት ቦታ የሚመልስ ምልክት።» ከሥሩ «ለኖታ ብቻ ይሠራል» ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። ልጆቹ ምን አደረጉ?

ፉጨት ከፊቴ እያፏጨች ኮሪደሩን አለፈች። በየትኛው ቅኝት እንደሆነ ለመናገር አልሞከርኩም። እስከ ደረጃው ተከትዬ ሰማኋት።

ማታ ባለቤቴ ሲሰፋ እኔ ሽንኩርት ስልጥ ደወሉ ጮኸ። መኪናው ቆመ። ካለፈው ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ፈራ ተባ እያለ፣

«ምን አለ?» አለኝ።

የሰማሁት ፋ ነው።

«ሚ!» አልኩት።